ከአልጋው አጠገብ ማን ይቀመጣል? እርሻውንስ ማን ያርሳል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህች አጭር ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ በደባርቅና በዳባት፣ ከዚያም ወጣ ብሎ በስሜን ተራራ ግርጌ ባሉት ቀበሌዎች ወደ ብዙ ቤት የገባ ጥያቄ ነው። ይኸውም የትዳር ጓደኛው በነቀርሳ (በካንሰር) የታመመችበት ሰው ሁሉን ትቶ ከአልጋዋ አጠገብ መቀመጥ አለበት ወይስ እርሻውን ማረስ፣ በቅሎውን መጫን፣ ሱቁን መክፈት አለበት? የሚል ነው። ሥራውን ቢተው ቤቱ ይራባል። ሥራውን ቢይዝ ጎረቤት «ጨካኝ» ይለዋል፤ የገዛ ኅሊናውም ይከሰዋል። እንግዲህ የክርስቲያን ፍቅር በየትኛው በኩል ይገኛል?

የደዌው አቆጣጠርና የገበሬው አቆጣጠር

መልስ ከመስጠታችን በፊት ነገሩን እንዳለ ማየት ይገባናል። ካንሰር እንደ ተስቦ በሳምንት በሁለት ሳምንት የሚለይለት ደዌ አይደለም። የሰውነት ሕዋስ ሥርዓቱን ጥሶ ያለ ልክ ሲራባ የሚመጣ ሕመም ነው። አብሮ በመብላት ወይም በማስታመም አይተላለፍም፤ ስለዚህ የታመመችውን ሴት መሶብ መለየት ጭካኔ እንጂ ጥንቃቄ አይደለም። በአገራችን በሴቶች ላይ ከሁሉ ይልቅ በብዛት የሚታዩት የጡት ካንሰርና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው። ሕክምናውም እንደ ሕመሙ ዓይነትና ደረጃ ቀዶ ሕክምና፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት (ኬሞቴራፒ) እና የጨረር ሕክምና ሲሆን ብዙ ጊዜ አንዱ ሌላውን ተከትሎ ይሰጣል።

በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ በየ21 ቀኑ የሚደጋገም ነው። ለምሳሌ 6 ዙር የታዘዘላት አንዲት እናት የመጀመሪያውን ሰኔ 1 ቀን ብትወስድ፣ አንድም ቀን ሳይዛነፍ ቢሄድላት፣ ስድስተኛውን የምትወስደው መስከረም 11 ቀን ገደማ ነው። እስቲ ይህን ከገበሬው አቆጣጠር ጋር አስተያዩት! ሰኔ የእርሻና የዘር ወር ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ የአረም ወራት ናቸው። ደዌው የወሰደው ገበሬው የዓመት እንጀራውን የሚያበጅበትን ክረምት በሙሉ ነው።

መንገዱስ? ከዳባት እስከ ጎንደር 75፣ ከደባርቅ እስከ ጎንደር ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ከደባርቅ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል 6 ጊዜ ደርሶ መልስ ማለት 1,200 ኪሎ ሜትር መጓዝ ማለት ነው። ይህም ከቀበሌው እስከ መኪና መንገድ ያለውን የእግርና የበቅሎ ጉዞ፣ ለምርመራ መመላለሱንም ሳይጨምር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ቀን ሲያጋጥም ደግሞ 21ኛው ቀን 30ኛ፣ 40ኛ ይሆናል። የጨረር ሕክምና ከታዘዘ ጉዞው እስከ አዲስ አበባ ሊረዝም ይችላል። ለብዙ ዓመታት በመላው ኢትዮጵያ ይህን ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ወደ ሌሎች ከተሞች መስፋፋት የጀመረው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ነው። የጨረር ሕክምና ብዙውን ጊዜ በሳምንት 5 ቀን፣ ለተከታታይ ሳምንታት የሚሰጥ በመሆኑ ከገጠር የሄደ ሰው ማደሪያም ስንቅም ያስፈልገዋል። ሕክምናው ካበቃ በኋላም ለአንዳንድ የጡት ካንሰር ሕሙማን ታሞክሲፈን የተባለ ኪኒን ለ5 ዓመትና ከዚያም በላይ በየዕለቱ እንዲወሰድ ይታዘዛል።

እንግዲህ ለ3 ቀን ሕመም «ሁሉን ትቼ እቀመጣለሁ» ማለት ይቻላል። ለ3 ወርና ለዓመት ግን ማንም እንዲህ ሊል አይችልም፤ የሚል ቢኖርም ቤቱን አስቦ የተናገረ አይመስለኝም።

ሦስት የተሳሳቱ መንገዶች

በዚህ ችግር መካከል ሰዎች ሲሳሳቱ የሚታዩባቸው ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው መሸሽ ነው። «እናቷ ብታስታምማት ይሻላል» በሚል ሰበብ የታመመችውን ሚስት ወደ ወላጆቿ ቤት መስደድ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ መጠየቅን መተው ነው። ለጥቂት ጊዜ ከእናቷ ዘንድ ማረፏ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ክፋቱ ባል የራሱን ድርሻ አብሮ ሲሰድድ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ከፍቅር ብዛት የሚመጣ ስሕተት ነው። ባል ሌሊትና ቀን አልጋው ሥር ይቀመጣል፤ ማንም እንዲያግዘው አይፈቅድም፤ እርሻው ጦም ያድራል። አንዱን በሬ ለመጓጓዣ፣ ሁለተኛውን ለመድኃኒት ይሸጣል። ሚስቱ በእግዚአብሔር ቸርነት ድና ብትነሣ የምትመለሰው ጎተራው ወደ ጎደለ፣ ጥማድ ወደሌለው ቤት ይሆናል። የታመመ ሰው አእምሮ ደግሞ ይህን ከአልጋው ላይ ሆኖ ያያል። «በእኔ ምክንያት ቤቴ ፈረሰ» የሚለው ሐሳብ ከመድኃኒቱ ምሬት ይልቅ የሚመር ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የተሰወረና ስለዚህም ከሁሉ የከፋ ነው። ባል ያርሳል፣ ሚስትም ትታከማለች፣ ቤቱም የቆመ ይመስላል። ነገር ግን ውኃውን ማን ቀዳ? እንጀራውን ማን ጋገረ? ሕፃኑን ማን አዘለ? ብለን ብንጠይቅ መልሱ ያች የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ናት። ትምህርቷን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጣ የእናቷን ቦታ የያዘችው እርስዋ ናት። ማንም አልጠየቃትም፤ ማንምም አላመሰገናትም። «ወንድ ልጅ ምጣድ አጠገብ አይቀመጥም» የሚለው ልማድ የአባቷን ክብር ጠብቆ የልጅቱን ዕድል በላው። ወንድሞቼ፣ ይህን መስዋዕትነት የከፈለችው ልጅቱ ሆና ሳለ ምስጋናውን ለአባት መስጠት ፍትሕ ነውን?

ሳምራዊው መንገዱን ቀጠለ

ቅዱስ ሉቃስ የጻፈልንን የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርደው መንገድ እንደ ሊማሊሞአችን ቁልቁለት የበዛበት ነው። በዚያ መንገድ ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉትን ሰው ካህኑና ሌዋዊው አልፈውት ሄዱ፤ ሳምራዊው ግን አዘነለት። እስከዚህ ያለውን ሁልጊዜ እንሰብከዋለን። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ብዙ ጊዜ ቸኩለን እናልፈዋለን።

ሳምራዊው በመጀመሪያ በገዛ እጁ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን አሰረለት። ቀጥሎ በራሱ ከብት ላይ አስቀምጦ ወደ እንግዶች ማረፊያ ወሰደውና ራሱ ሲያስታምመው አደረ። በማግስቱ ግን 2 ዲናር አውጥቶ ለማረፊያው ባለቤት ሰጠና እንዲጠብቀው አደራ ብሎ መንገዱን ቀጠለ! ተጨማሪ ወጪ ካለ በመመለሻው እንደሚከፍልም ቃል ገባ። ጌታችን ይህን ሰው መንገዱን ስለቀጠለ አልነቀፈውም፤ እንዲያውም እኛ እንደ እርሱ እንድናደርግ አዘዘን።

እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ አራት ነገሮች አሉ፤ የራስ እጅ፣ የራስ ገንዘብ፣ የሌላ ሰው እጅ፣ እንዲሁም መመለስ። ካህኑና ሌዋዊው የሄዱት ላይመለሱ ነው፤ ሳምራዊው የሄደው ሊመለስ ነው። በሁለቱ አካሄድ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። ሚስቱን አስተኝቶ፣ አጠገቧ ሰው አስቀምጦ፣ ማታ ሊመለስ ወደ እርሻው የወረደ ገበሬ ከዳት አይባልም። ተራው ደርሶ የቱሪስት ዕቃ በበቅሎው ጭኖ ወደ ሳንቃበር የወጣውም የደባርቅ ሰው፣ የሚያገኘው ገንዘብ ለቀጣዩ ዙር መጓጓዣ እስከሆነ ድረስ፣ በዚያች ቀን እያስታመመ ነው ማለት ይቻላል።

ለሌላ የሚሰጠውና የማይሰጠው

ይሁን እንጂ «ሥራም ማስታመም ነው» የሚለው ቃል ለሰነፍ መሸሸጊያ እንዳይሆን መለኪያ ያስፈልገዋል። መለኪያውም እንዲህ ቢሆን መልካም ነው፦ ሌላ ሰው ሊሠራው የሚችለውን ለሌላ ሰው መስጠት፣ ሌላ ሰው ሊተካህ የማይችልበትን ግን ለራስህ መያዝ።

ማረስ፣ ማረም፣ እንጨት መልቀም፣ ውኃ መቅዳት፣ ከብት መጠበቅ፣ ማስፈጨት ሌላ ሰው ሊሠራቸው ይችላል። አባቶቻችን ደቦንና ወንፈልን ያቆዩልን ለዚህ ነው። ነገር ግን ፀጉሯ ከመጀመሪያው መድኃኒት በኋላ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ሲረግፍ ሻሿን ፈትታ ያለ እፍረት የምትታየው በባሏ ፊት ነው። ሌሊት ሲያስመልሳት ግንባሯን የሚይዘው፣ ጡቷን ያጣችውን ሴት «ያው አንቺው ነሽ» ሊላት የሚችለው፣ ሐኪሙ ከባድ ነገር ሲናገር አጠገቧ ሊቀመጥ የሚገባው እርሱ ነው። በእነዚህ ስፍራዎች ደቦ አይጠራም። ስለዚህ ገበሬው ሁለት ቀን የሚቀረው እርሻ ካለና የመድኃኒቷም ቀን ከደረሰ፣ እርሻውን ለጎረቤት ሰጥቶ ከእርስዋ ጋር ወደ ጎንደር መሄድ ይገባዋል። እርሻውን ራሱ ይዞ እርስዋን ከጎረቤት ጋር ቢልክ ግን ነገሩን ገለበጠው።

የምጣዱ ነገር ሲነሣ ብዙዎች ይስቃሉ። ጌታችን መምህር ሆኖ ሳለ በማዕዱ ጊዜ የአገልጋይ ሥራ ሠርቶ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቧል፤ ክብሩም በዚህ አልቀነሰም። እንግዲህ ሽሮ የሠራ፣ ጀሪካን የተሸከመ፣ የሚስቱን ልብስ ያጠበ ባል ክብሩ እንዴት ይቀንሳል? ባል ታሞ ሚስት በምታስታምምበትም ቤት እንዲሁ ነው። እርሻውን ለእኩል አራሽ ብትሰጥ ግማሹ ምርት ይሄድባታል፤ ስለዚህ ጎረቤቶቿ ጥማዳቸውን ይዘው ቢደርሱላት ቤቷን አተረፉላት ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ከሰባቱ ምሥጢራት መካከል ምሥጢረ ተክሊልንና ምሥጢረ ቀንዲልን ቈጥራለች። በተክሊል ጊዜ ሙሽሮቹ ይቀባሉ፤ በቀንዲልም ጊዜ ሕሙማን ይቀባሉ። በሠርጉ ቀን የቀባን ቤተ ክርስቲያን በደዌውም ቀን ትቀባናለች። ስለዚህ ሕመም በትዳር ላይ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር ተደርጎ ሊታይ አይገባውም፤ ዘውድ የደፋንለት ቃል የሚፈተንበት ቀን ነው። ቋንቋችንም ይህን ያውቃል። «ማስታመም» የሚለው ቃል ሥሩ ከ«መታመም» ጋር አንድ ነው፤ አስታማሚ ከሕመሙ ድርሻውን የወሰደ ሰው ነው።

በዚህ ረገድ በአገራችን በይፋ የሚታወቅ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ዶክተር ሬጂናልድ በካንሰር ታመው በ1993 ዐረፉ። የባል ሕመምና ሞት ግን ሆስፒታሉን አላዘጋውም። ዶክተር ካትሪን እስከ 2020 ድረስ፣ በ96 ዓመታቸው በአዲስ አበባ እስኪያርፉ ድረስ ከሆስፒታሉ አልተለዩም። ይህ እንዴት ተቻለ? አስቀድመው ሥራውን ለብዙ እጅ አስተምረው ስለነበረ ነው። ከታካሚነት ተነሥተው ቀዶ ሕክምና እስከመሥራት የደረሱት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ለዚህ ምስክር ናቸው። ሥራውን ሁሉ በአንድ እጅ የያዘ ሰው ደዌ በመጣ ቀን ሁሉንም ይጥላል፤ አስቀድሞ ያካፈለ ግን የሚደገፍበት ያገኛል። የገጠር ቤትም እንዲሁ ነው። ወንዱ ልጅ መጋገርን፣ ሴቷም ልጅ የቤቱን ሒሳብ በጤናው ቀን ቢማሩ ለደዌው ቀን ስንቅ ይሆናል።

አጠያየቃችን ይመርመር

እስካሁን ስለ ባልና ሚስት ተናገርን። አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ለቅሶ ሲሰማ ድንኳን ተካይ፣ ወንበር አምጪ፣ ውኃ ቀጂ ሞልቷል፤ ዕድሩም ገንዘቡን ያወጣል። ያ ሰው በሕይወት ሳለ በሕክምና በደከመበት በዚያ ሁሉ ወር ግን ይህ ሁሉ ጉልበት የት ነበር? ለሬሳ የምንሮጠውን ያህል ለሕያው ብንሮጥ ምንኛ መልካም ነበር!

በእርግጥ እንጠይቃለን። ነገር ግን እንዴት እንጠይቃለን? አሥር ሆነን እንገባለን፤ ያች ልጅ ቡና ትቈላለች፣ ቆሎ ታቀርባለች፣ ሦስተኛውን እስክናደርስ ታፈላለች። የታመመችው እናት እንግዳ አክብራ ለመቀመጥ ትታገላለች። ተሰናብተን ስንወጣ በቤቱ የቀረው ያልታጠበ ሲኒና የበለጠ ድካም ነው። ይህን ጥየቃ ለማለት ያስቸግራል፤ በታመመ ቤት ላይ የተጨመረ ሥራ ነው። ከዚህም በላይ ከመድኃኒቱ በኋላ በተለይ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ደዌ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይቀንሳሉ፤ በዚያን ጊዜ ጉንፋን ይዞ መግባት ጉዳት ያመጣል።

የኢዮብ ሦስት ወዳጆች 7 ቀንና 7 ሌሊት ያለ ቃል ከእርሱ ጋር በመቀመጣቸው መልካም አደረጉ። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው መከራው ከኃጢአቱ የመጣ እንደሆነ ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። እግዚአብሔርም በመጨረሻ ተቈጣቸው። ስለዚህ ለታመመ ሰው የደዌውን ምክንያት ልንነግረው አንሂድ።

ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች የሚከተለውን ብናደርግ፦

1ኛ፣ ወደ ታመመ ቤት ስንሄድ ሁለት ሦስት ሆነን፣ ውኃ ወይም እንጨት ይዘን እንሂድ፤ ቡና እንዳይፈላልን አስቀድመን እንናገር፤ ጥቂት ቆይተን እንውጣ።

2ኛ፣ «የሚያስፈልግ ነገር ካለ ንገሩን» ከማለት ይልቅ «ቅዳሜ አረሙን እኛ እናርማለን» እንበል። የጨነቀው ሰው ለመለመን ያፍራልና።

3ኛ፣ ከትምህርት የቀረች ልጅ ካለች ተራ ገብተን የቤቱን ሥራ እንያዝላት፤ ያመለጣትንም ትምህርት እናስጠናት።

4ኛ፣ ማንበብ ለማይችል አስታማሚ የቀጠሮውን ቀን፣ የመድኃኒቱን ስምና የሐኪሙን ትእዛዝ በደብተር እንጻፍለት። በተለይ በመድኃኒቱ ወራት ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከደረሰ «ነገ ይሻላል» ሳይባል በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ እንደሚያስፈልግ እናስረዳ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያው መታደሱን፣ ከጤና ጣቢያው የተጻፈው ሪፈርም መያዙን እንይለት። ወደ አዲስ አበባ ለሚላኩትም በ1996 ዓ.ም. የተቋቋመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ሕሙማንን እንደሚረዳ እንንገር።

5ኛ፣ አስታማሚውንም እንጠይቅ። ሁሉም «እንዴት አደረች?» ይለዋል፤ «አንተስ እንቅልፍ ወስዶህ ነበር?» የሚለው ግን የለም። አንድ ሌሊት ተክተነው ቢተኛ ለታመመችውም ይጠቅማታል።

ስለ ጸሎትና ስለ መድኃኒት

ምናልባት ከእናንተ መካከል «ይህ ሁሉ ስለ ሥራና ስለ ሐኪም ነው፤ ጸሎቱና ጸበሉ ወዴት አለ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጠቢቡ ሲራክ የታመመ ሰው እንዲጸልይም ለሐኪም ስፍራ እንዲሰጥም ይመክራል። ነፍስ ኄር ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን ሲናገሩ ጸበልና መድኃኒት ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ስለሆኑ እንደማይጋጩ አስተምረዋል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው የ21 ቀኑን ቀጠሮ ማስተላለፍ አያስፈልገውም። ጾምም ሲመጣ በሕክምና ላይ ያለ ሰው በራሱ ፈቃድ ከሚጨነቅ የንስሐ አባቱን ጠይቆ በምክራቸው ይኑር።

ሌላም ልናስበው የሚገባ ነገር አለ። ከዚህ የተነገረው ሁሉ ተደርጎ ሳለ የማትድን እናት ትኖራለች። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ድካም በከንቱ ቀረ ማለት ነውን? አይደለም። የማስታመም ግዴታ በመዳን ላይ የተመሠረተ አይደለም፤ መዳን ከእግዚአብሔር ነው፤ ከእኛ የሚጠየቀው ብቻዋን አለመተዋችን ነው። ጌታችንም በመጨረሻው ፍርድ የታመመውን ስለ መጠየቃችን እንደሚጠይቀን አስታውቆናል።

እንግዲህ በርእሱ ወደተነሣው ጥያቄ ስንመለስ፣ ከአልጋው አጠገብ የሚቀመጠው የትዳር ጓደኛ ነው፤ እርሻውን የሚያርሰው ደግሞ ማኅበሩ ነው። ማኅበሩ ማለት እኛ ነን። የመጪው ሰኔ ዝናብ ሲጀምር በሰፈራችን ያልታረሰ የታመመ ሰው ማሳ ካለ፣ ጥያቄው ለዚያ ባል ሳይሆን ለእኛ ለጤነኞቹ የቀረበ መሆኑን አንርሳ።

ለታመሙት ምሕረትን፣ ለሚያስታምሙት ብርታትን፣ ለእኛም የሚያስብ ልቡናን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።